ደርሶ መልስ

ከኮምቦልቻ ወጣን ገና ሳይነጋጋ፣
አሥራ አንድ ሆነን፣ የፈትል ክፍል መንጋ፤
ደሴን በጭጋጓ፣ ጦሳን በግራ አልፈን፣
ሐይቅ ደረስን በሦስት፣ በፀሐይ ተደግፈን።

ጠበቀን አስጎብኚው፣ ይማም፣ ከዳርቻ፣
የወደብ ኮፍያ ደፍቶ፣ ጢሙ ሽበት ብቻ፤
«አሰብ ላይ» አለን፣ «አሥራ ሰባት ዓመት ጆንያ ተሸክሜ፣
መርከብ ስሸኝ ኖርኩኝ ከድንጋዩ ቆሜ፤
አንዱም ‹ና ውጣ› አላለኝ፣ ገብቶ ሲሄድ ሁሉ፣
ይኸው የኔ መርከብ፣ ያውም ከነቅሉ።»
(ውሃ ሲገባብን መጭለፊያ ነው ቅሉ።)

ከልጁ ደብተር ቀዶ ቲኬት አደለን፣
«ደርሶ መልስ» የሚል በቀይ ጽፎልን፤
«አገር ምረጡ» አለ፣ «ያው ነው ባሕር ማዶ፣
በሁለት መቶ ብር የት ይደርሳል ሰው ሄዶ?»

እቴነሽ ሮም አለች፣ ጫማ አሰኝቷት፤
ሙህዬ ዱባይ አለ፣ ፎቅ ቆጥሮ ሊያሳያት፤
አለቃችን ይርጋ «ኢስታንቡል» ብሎ ቆረጠ፣
ሻሽ አለ አሉ እዚያ፣ ከኛ ፈትል የበለጠ።

ሰዓዳ አልመረጠችም።
ከመሀል ተቀመጠች ሳንቃውን ጨብጣ፣
ዓይኗን ከጉልበቷ ወደ ውሃው ሳታወጣ፤
«ዋና አትችይም እንዴ?» ብለን ሳቅንባት፣
ያ ሳቅ ያሳፍረኛል ባሰብኩት ሰዓት።

ሞተሩ ሦስቴ ሳለ፣ በአራተኛው ያዘ፣
እንደ ፈትል ቀጭን ጭሱን እየመዘዘ፤
ይማም ይተርካል፦ «ያ ዛፍ የሸፈነው
እስጢፋኖስ ገዳም፣ ራሱን የቻለ አገር ነው፣
ለሴት ቪዛ የለውም።» እቴነሽ አጉረመረመች፣
«ሮም ይሻለኝ ነበር» እያለች።

ኢስታንቡል ገባን።
የውሃ ፓምፕ ይንኳኳል፣ ሽንኩርት ተኮትኩቷል፣
አህያ ከጥላ ቆሞ ጆሮው አንቀላፍቷል፤
ይማም በኮፍያው ጫፍ እየጠቆመ፣
«ቤተ መንግሥት» ይላል፣ ጎተራ ለቆመ፤
«የገበያ ማዕከል»፦ ሳሙናና ክብሪት፣
ከረሜላ፣ ባትሪ፣ ግማሽ ጀሪካን ዘይት።
ይርጋ ሻሽ ጠየቀ። ባለሱቁ አሰበ፣
የዓሣ መረብ አውርዶ ዘርግቶ አቀረበ።

አንዲት ልጅ ከአጥር ብቅ አለች፣ ጥርሷ የወለቀ፣
ከላይ እስከ ታች አየችን፣ ዓይኗ እየሳቀ፤
«ከየት አገር ናችሁ?»
ተያየን። ማን ይመልስ?
ያ ሁሉ የይማም ወሬ እንኳ አልደረሰልንም።
«ከማዶ» አልናት።
ዞራ ጮኸች፦ «እማ! የውጭ አገር ሰዎች መጡ!»

ስንመለስ ነፋሱ ተነሣ።
ሰዓዳ ማንም ሳይጠይቃት ጀመረች፤
ከሞተሩ በላይ አልጮኸችም፣ እኛ ነን ጎንበስ ያልን።

«እኔንም መርቶኝ ነበር፣ ኦቦክ ላይ፣ በሌሊት።
እሱም ኮፍያ ነበረው።
እሱም ‹ማዶው ቅርብ ነው› አለን።
መቶ አሥራ ስምንት ነን፣ ጉልበት ለጉልበት ገጥመን፤
ቲኬት የለ፣ መመለስ የሚባል ቃል ያነሣ የለ።
ከጎኔ የተንታ ልጅ ነበረች፤
ትከሻዬ ላይ ታስታውካለች፣ ይቅርታ ትላለች፣ ደግሞ ታስታውካለች።
ሲነጋ ስሟን እጠይቃታለሁ ብዬ ነበር።
ሲነጋ
ከጎኔ ሰፊ ቦታ ነበር።»

ይማም ሞተሩን አጠፋ።
ኮፍያውን አውልቆ ከመቀመጫው ሥር ከተተው።
ጀልባዋ ለብቻዋ ትወዛወዛለች፤
ማንም «አይዞሽ» አላለም፣ ቃሉ አነሰብን መሰለኝ።

ሰዓዳ አንድ እጇን ከሳንቃው አላቀቀች፤
ቆይታ፣
ጎንበስ ብላ ውሃውን ነካችው፣
ጣቷን ወደ ከንፈሯ ወሰደች።
«ጨው የለውም» አለች።

ዳር ስንደርስ ይማም ቆሞ ቆጠረን፤ አሥራ አንድ።
ቲኬቱን አልተቀበለንም።
እንደገና ቆጠረን።